ካቴናው ዝም ያለ ጠዋት

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ዋሽንቱ ይሉታል። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፤ ሥራው በየጠዋቱ ስልሳ ትኩስ ዳቦ ሳይክሉ ላይ ጭኖ ኮረብታው ላይ ላለው ሆስፒታል ማድረስ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት ግን «እዘፍናለሁ፤ እግረ መንገዴን ዳቦ አደርሳለሁ» ይላል።

ለዘፈኑ አጃቢ አለው፤ የሳይክሉ ካቴና። ከፊት ትልቁ ባለ ጥርስ ብረት ላይ፣ ከኋላም ትልቁ ላይ ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ካቴናው ወደ ጎን ይጣመምና ከብረቱ ጋር እየተፋተገ እምምም እያለ ዳገቱን ይወጣል። ሌላውን ሰው ጥርሱን ያፋጨዋል፤ የዋሽንቱን ግን ሆዱን ያባባዋል። ጥላው የሄደች ወዳጅ ያለችው ይመስለዋል፣ ምንም እንኳ ማንም ጥላው ባትሄድም። ያለችው አንዲት ሚስቱ ናት፤ እሷም የትም አልሄደች፣ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብላ የሰፈሩን ሳይክል ትጠግናለች።

«ማርሹን ቀይረው እንጂ አንተ ሰው» ትለዋለች።

«ዝም ይላላ።»

«ዝም እንዲል እኮ ነው። ከፊትም ከኋላም መካከለኛው ላይ ብታደርገው ለእግርህ ክብደቱ ያው ነው፤ ካቴናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሁን ጉልበትህን ለፍትጊያ እየገበርክ ነው።»

«ዘፋኝ ያለ ድካም አይሆንም።»

«እሺ፣ ዳቦው ምን በደለ?»

ዳቦው በእርግጥ ይበደል ነበር፤ ዳገቱ እስኪያልቅ ይቀዘቅዛል። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ፣ እጅጌዋን እንደሰበሰበች የምትውል ሴት፣ ከላይ ካለው ዳቦ ላይ በቢላ ጫፍ ቅቤ ታስቀምጣለች። ከቀለጠ ትፈርማለች። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ቅቤው እንዳኮረፈች ሙሽራ ፍንክች አላለም።

«ወንድሜ፣ ነገም ካልቀለጠ በሞተር ሳይክል የሚያደርስ ሌላ ሰው ይምጣልኝ» አለችው።

ዋሽንቱ ባዶውን ሳይክል እየገፋ ቁልቁለቱን ወረደ። ያን ዳገት ከነጠቁት የት ሄዶ ሊዘፍን ነው? ቤት ውስጥ እንደሆነ ሚስቱ ሬዲዮ ትወዳለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ሳይክሉን ገልብጣ አቆመችውና «ና፣ ፔዳሉን በአንድ ጣትህ አዙር» አለችው። በእሱ ማርሽ ጣቱ እስኪቀላ ገፋ። በእሷ ማርሽ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ልጅ መጫወቻ ተሽከረከረ፤ ካቴናውም ትንፍሽ አላለ።

«ሞተ» አለ ዋሽንቱ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

«አልሞተም፣ ዳነ። ደግሞ ነገ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ዝፈን።»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

በማግስቱ ሳይክሉ ዳገቱን የወጣ ሳይሆን ዳገቱ ራሱ የወረደለት መሰለ። እንዲያ ቀለለው። ዝምታው ግን ከበደው፤ ስለዚህ የካቴናውን ድርሻ ጭምር ደርቦ ለሁለት ዘፈነ።

«ከዳገቱ ማዶ ያለሽው ሩቅ አገር፣
ልቤ ደረሰልሽ እግሬ ሳይሻገር።»

አንድ ሰውዬ ሰገነት ላይ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ አረፋ እንደሞላ አፉን ከፍቶ ቀረ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሁሉ አንድ ላይ ዞሩ። አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ «ምነው፣ የት ላይ አመመህ?» አለችው። እሱ እጁን አውለበለበላት። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ መንገድ ሲወጣ ካቴናው ድምፁን ሳይውጥበት እንዲህ ተደምጦ አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ከሆስፒታሉ በር ሲደርስ ወጥ ቤት ኃላፊዋና ሁለት ነርሶች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል።

«የተጎዳው ሰው የታለ?» አለ አንዱ ነርስ።

«የቱ ሰው?»

«ከታች ሲጮህ የነበረው ነዋ።»

ዋሽንቱ ወደ ኋላው ተመለከተ። መንገዱ ባዶ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ። እየዘፈንኩ ነበር።»

ነርሶቹ እርስ በርስ ተያዩና ወደ መሬት አቀረቀሩ፤ የአንደኛው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ወጥ ቤት ኃላፊዋ ቅቤዋን ዳቦው ላይ አስቀመጠች። ቅቤው ለአፍታም አልቆየ፤ ቀልጦ በዳቦው ጎን ወረደ። ፈረመች።

«ነገም በዚሁ ሰዓት» አለችው።

«እሺ እትዬ። እ... ዘፈኑስ?»

ሴትዮዋ ለሰው ክፉ አትናገርም። ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገችና «ዳቦው በጣም ትኩስ ነው፣ ወንድሜ» አለችው።

ነርሶቹ ቃሬዛውን ባዶውን ከመመለስ ብለው ስልሳውን ዳቦ ጫኑበት። ፊትና ኋላ ይዘው በረጅሙ ኮሪደር ሲሄዱ፣ ዋሽንቱ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ አፉን ገጥሞ ከኋላ ተከተለ።