ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው ላባ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ትራንስቫል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። የተጋራኋቸው ሰው አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ አገራቸውን ትተው ሲወጡ አንድ ነገር አልተዉም፤ ጆሮ በዶሮ ላባ ማጽዳትን። ጫፉ ላይ ጥቂት አስቀርተው ይመለምሉታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያሽከረክሩታል። እንዲህ ያለ ደስታ ገነት ውስጥም መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ችግሩ ሆላንድ ዶሮ የምትሸጠው ራቁቷን ነው። ገበያውን ሙሉ ዞረን አንዲት ላባ አጣን። የእርግብ ላባ ደግሞ ጋሼ ይጸየፋሉ።

ጥገኝነት ጠይቄ ቃሌን ልሰጥ በምቀርብበት ዋዜማ ጆሮዬን በላኝ። ጋሼ ትራሳቸውን ተርትረው አንድ ላባ መዘዙ። ሆላንዶች ላባ ከራስ ሥር ያደርጋሉ፣ እኛ ራስ ውስጥ።

"ነገ ፈረንጅ ፊት ጆሮህን ስትጎረጉር ልትውል ነው? ና ወዲህ!"

"ጋሼ፣ የትራስ ላባ እኮ የዳክዬ ነው።"

"ጆሮህ ዳክዬና ዶሮ አይለይም።"

የትራስ ላባ አቅመ ቢስ ነው። ተሰበረና ጫፉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

በማግሥቱ ቃሌን በምትቀበለው ጠያቂ ፊት ተቀምጬ የመንግሥት ሰዎች ታላቅ ወንድሜን ከቤት እንዴት እንደወሰዱት መናገር ጀመርኩ። ሬሳውን እንዳላገኘን ስደርስ ላባዋ ተነቃነቀችና ኮረኮረችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አስተርጓሚው፣ ያገሬ ልጅ፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ውሸታም ነው ካለችኝ የምመለሰው ወንድሜን ወደበሉት ሰዎች ነው። ፈራሁ፤ ግን እንደገና ሳቅሁ።

"ጆሮዬ ውስጥ ላባ አለ" አልኩት አስተርጓሚውን።

"አንተ ሰው፣ ይሄንን ልተርጉምልህ?" አለኝ። ምን ያድርግ፣ ተረጎመው።

ሴትዮዋ አየችኝ፣ አየችኝና ነርስ አስጠራች። ነርሷ በወረንጦ አወጣቻትና ነጭ ወረቀት ላይ አኖረቻት። የትንሿን ጣት ጥፍር አታህልም። ሦስቱም ሳቁ። ጠያቂዋ የጻፈችውን ገጽ ቀድዳ ጣለችና ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። ሬሳውን እንዳላገኘን ስደርስ የሚኮረኩረኝ አልነበረም። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የተኛችውን ላባ እያየሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ መልሱልኝ ማለት አማረኝ።