የጓደኛዬ ሰዋስው

የመመረቂያ ሥራችንን የጀመርነው ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ሆነን ነበር። ሐሳቡ የእሷ ነው። እንግሊዝኛ ያልጠናላቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮምፒውተርን በአማርኛ የሚያዝዙባት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ እንሥራ አለች፤ እኔም ከእሷ ጋር መሥራት ስለምወድ ብቻ እሺ አልኩ። የክፍላችን ልጆች ሁሉ የሚሸሹትን የፕሮግራም ቋንቋ አሠራር ትምህርት መርጣ የምትወድ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ምሳሌዎቹንና የሚታተመውን ጽሑፍ ያዝኩ፤ እሷ ሰዋስውን።

ሰዋስው ማለት የቋንቋው ሕግ ነው። አንድ ትእዛዝ በምን ይጀምራል፣ ምን ይከተለዋል፣ የት ያልቃል የሚለው ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ይጻፋል። ከዚያ በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ተጽፎ ፋይሉ ሰዋስው ለሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ይሰጣል፤ እኛ «መሣሪያው» እንለዋለን። መሣሪያው ሕጉን አንብቦ ያንን ቋንቋ የሚረዳ ፕሮግራም ራሱ ጽፎ ያወጣል። ሕጉ ለሁለት ፍቺ የተመቸ ከሆነ ግን «ግጭት አለ» ይልና የግጭቶቹን ቁጥር ይነግራል። እሷ አጠገቤ እያለች ቁጥሩ አስፈርቶኝ አያውቅም። ጥፍሯን እየነከሰች ስክሪኑን ታይና አንድ ቃል ትለውጣለች፤ ግጭቱ ይጠፋል።

በሁለተኛው መንፈቅ መጀመሪያ ላይ ታመመች። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች፤ ቀጥሎ ምግብ አስጠላት፤ ከዚያ ሰው ፈራች። አንድ ቀን ከግቢ በር ፊት ለፊት ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ክንዴን ጨመቀችና «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሁለት አዛውንቶች ስለ ታክሲ ሰልፍ እየተማረሩ ነበር። ሐኪም አይቷት መድኃኒት ጀመረች። ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጡት እናቷ ግን በመድኃኒቱ ብቻ ልባቸው አላረፈም። ሱቁን ዘግተው ይዘዋት እንጦጦ ጸበል ወጡ። ስደውል ስልኳን ያነሱት እሳቸው ናቸው። «ለጊዜው አትምጪ ልጄ፣ ሰው ስታይ ይብስባታል» አሉኝ።

አማካሪያችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ መምህር ናቸው። የሠራነውን ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሁኔታ በሁኔታ ውስጥ፣ ‹ከሆነ› በ‹ከሆነ› ውስጥ ሲገባ ያነባል?»

«አያነብም።»

«እንግዲያው አልተጨረሰም። ሦስት ሳምንት አለሽ።»

«ሰዋስውን የሠራችው እሷ ናት። መታመሟን እርስዎም ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ። ሽፋኑ ላይ ግን ያንቺም ስም አለ።»

የጠየቁት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። «ውጤቱ ከሃምሳ በላይ ከሆነ፣ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ ከሆነ፣ ‹ግባ› በል፤ ካልሆነ ‹ተመለስ› በል።» ያ «ካልሆነ» የየትኛው ነው? የውጤቱ ወይስ የዕድሜው? እኔ ራሴ ደጋግሜ ሳነበው ጠፋኝ። አንድ ሕግ ጨምሬ ትእዛዙን ሰጠሁ፤ አሥራ አራት ግጭት። ያንን አስተካከልኩ ብዬ ሌላ ቦታ ነካሁ፤ ሠላሳ ሁለት። የለወጥኩትን ሁሉ መልሼ እንደገና ጀመርኩ። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረችኝ፤ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ እስኪዘጋ እሠራለሁ፣ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ወደ መገናኛ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ከፍቼ አንድ ቃል ለውጬ ስሞክር ቁጥሩ ስልሳ አንድ ሲል ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ፈተና ወደቅሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሰዋስውን አትሜ እንጦጦ ወጣሁ። እናቷ አትምጪ ማለታቸውን አልረሳሁም። ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን የወጣሁበት ሚኒባስ ውስጥ ልጠይቃት ነው የምሄደው እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር፤ ወረቀቱን ግን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር።

ጸበልተኞች ከሚከራዩዋቸው የጭቃ ክፍሎች አንዷ ደጃፍ ላይ፣ ነጠላ ደርባ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ፊቷ ከስቶ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። አወቀችኝ፣ ሳመችኝም። እናቷ ከውስጥ ብቅ ብለው አዩኝ።

«አትምጪ ብዬሽ አልነበር?»

«ናፍቃኝ ነው፣ እማማ።»

በርጩማ አወጡልኝ። ትንሽ ስለ ብርዱ፣ ትንሽ ስለ ክፍል ልጆች አወራን። ረጋ ያለች ስለመሰለኝ ወረቀቱን አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይቺን ብቻ እይልኝ። እዚህ ጋ ‹ካልሆነ› ስጨምርበት ይጋጭብኛል።»

ጣቷን መስመሩ ላይ እየጎተተች ረጅም ጊዜ አነበበች። ደረሰችበት ብዬ አሰብኩ።

«ማን ነው የጻፈው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ?» ቀና ብላ አየችኝ። «ጎበዝ ነበርኩ እንዴ?»

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ነጭ ጀርባውን አየች፣ እንደገና ገለበጠችው፣ «ያነቡታል፣ ይሄንን ያነቡታል» እያለች ነጠላዋ ውስጥ ልትደብቀው ሞከረች። እናቷ ቀስ ብለው ከእጇ ወሰዱና ክፍል አስገቧት። ሲመለሱ ወረቀቱን በሥርዓት አጥፈው ሰጡኝ።

«እሷን ብለሽ ነው የመጣሽው ወይስ ይሄንን?»

ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ተነሣሁ። ይቅርታ ማለቱ ራሱ የመጣልኝ ዳገቱን በእግሬ ወርጄ ካጋመስኩ በኋላ ነው።

በማግሥቱ የእሷን ፋይል ወደ ጎን አስቀምጬ ባዶ ፋይል ከፈትኩ። ተስፋ ስላለኝ አልነበረም፤ የእሷን ሥራ መንካት ስለከበደኝ ነው። አንድ ሕግ ጻፍኩ፣ ትእዛዙን ሰጠሁ። ሁለተኛ ሕግ፣ እንደገና ትእዛዙን። መሣሪያው ግጭቶቹን ዘርዝሮ የሚጽፍበት ረጅም ፋይል አለ፤ እስከዚያ ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። ተስፋ ሲቆርጥ ሰው የማያነበውን ያነባል። በአምስተኛው ቀን ገባኝ፦ መሣሪያው የውስጠኛው ሁኔታ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ሁኔታ «አበቃ» በሚል ቃል እንዲዘጋ አደረግኩ። ትእዛዙን ስሰጠው ምንም አላለም። ግጭት ሲጠፋ ዝም ይላል። የምነግረው ሰው አልነበረም።

አማካሪው ሲያዩት በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በታተመው ጽሑፍ ሽፋን ላይ ሁለቱን ስሞች አዩ።

«ዲፌንስ ላይ፣ መርማሪዎች ፊት ያልቀረበ ሰው ስሙ አይገባም። የትምህርት ክፍሉ ደንብ ነው።»

«ሐሳቡ እኮ የእሷ ነው።»

«ሰዋስውስ?»

«እንደገና ነው የጻፍኩት።»

«እንግዲህ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። «ስትድን የራሷን ትሠራለች።»

ስሟን በገዛ እጄ ሰርዤ ምስጋናው ገጽ ላይ አሰፈርኩት። መርማሪዎቹ «አበቃ» የሚለው የማን ሐሳብ እንደሆነ ሲጠይቁኝ የእኔ ነው አልኩ። እውነት ነበር። ሳወራ ግን የሰው ልብስ ለብሼ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። አለፍኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ከጸበል ወረደች። መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ ሾላ ከእናቷ ጋር ቅመም ትሸጣለች፤ ወደ ትምህርቷ እስካሁን አልተመለሰችም። ወሬው ከሌላ ሰው ከሚደርሳት ብዬ ሄጄ ነገርኳት።

«ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ።» በርበሬውን በላስቲክ እየቋጠረች ነበር። «ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ጥሩ» አለችና ኮረሪማ ወደጠየቀቻት ደንበኛ ዞረች። እናቷ ከኋላ ሆነው አንዴ አዩኝ፤ ደህና ዋይ አሉኝ።

ቋንቋውን እስካሁን የተጠቀመበት ተማሪ የለም። አሁን ሥራ ይዣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ሾላ ወርጄ አያታለሁ፤ ወንበር ስባ ታስቀምጠኛለች፣ እንስቃለንም። አንዳንድ ቀን ደግሞ በእነሱ ሱቅ በኩል ማለፉ ያቅተኝና ገበያውን ዞሬ ታክሲ እሳፈራለሁ።