ብርድ ልብስ የተሰቀለበት መስኮት

ከወልድያ በወጣሁበት ምሽት ታናሽ እኅቴ አስካለ ፋኖስ ይዛ እስከ አውቶቡሱ ሸኝታኛለች። ኮፐንሃገን ታሪክ ለመማር የምሄድ ወጣት ነበርኩ። «ጋሼ፣ እዚያ መብራት አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። ሌላ የተባባልነው ትዝ አይለኝም።

ጥናቴ ጀርመኖች ዴንማርክን በያዙባቸው ዓመታት ተራው ሰው እንዴት እንደኖረ የሚመረምር ነበር። ጎማ ስለጠፋ ዴንማርኮች የብስክሌታቸውን ቸርኬ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ ጠቅልለው ይነዱ ነበር። ቡና ስላልነበረ ገብስ ቆልተው ያፈሉ ነበር፤ ከቡና አገር ለሄድኩት ለእኔ ይህ ከወረራው የባሰ መስሎኝ ነበር። ሲመሽ ደግሞ የጦር አውሮፕላን እንዳያየው መስኮት ሁሉ በጥቁር ወረቀት ይሸፈናል፤ ብርሃን ያሳየ ይቀጣል።

ካረጀሁ በኋላ ልጄ ሰናይት ወደ አትላንታ አመጣችኝ። የምንኖረው ከከተማዋ ዳር ሊልበርን ሲሆን፣ እርሷ እዚያው አቅራቢያ ደንውዲ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ነርስ ናት። ባለፈው ኦክቶበር አንድ ቀን፣

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ ነገ ከእኔ ጋር ና» አለችኝ። «አንዲት ዴኒሽ አሮጊት አለች። እንግሊዝኛው ጠፍቶባታል፤ ማንም አንደርስታንድ አያደርጋትም።»

«አሮጊት አይባልም፤ ወይዘሮ በዪ።»

«ኦኬ፣ ወይዘሮ። ብቻ ና።»

ወይዘሮ ኢንገር ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ሲመሽ ወንበር ላይ ይቆሙና ብርድ ልብሳቸውን መስኮቱ ላይ ይሰቅላሉ። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አንዴ ከደገሙት መስኮት ወደሌለውና በቁልፍ ወደሚዘጋው ፎቅ እንደሚዛወሩ የመኖሪያው ኃላፊ ወስኗል።

እኔም በዴንማርክኛ እውነቱን ነገርኳቸው። «እመቤቴ፣ ጦርነቱ ካለቀ ሰማንያ ዓመት ሆኖታል።»

«ማን አለ?»

«መጻሕፍት።»

«ራዲዮው አላለም» አሉና ወንበሩን መጎተት ጀመሩ።

ትክክል ነበሩ። የዴንማርክ ሕዝብ ጦርነቱ ማለቁን ያመነው ሜይ አራት ማታ ከለንደን ራዲዮ ሲሰማ ነው። ያን ጊዜ ጥቁሩን ወረቀት ቀድዶ በየመስኮቱ ሻማ አበራ። ይህን እኔው ጽፌዋለሁ። ነገር ግን ወሩ ኦክቶበር ነው፤ በመምህርነቴ ዘመን ደግሞ ቀን ያዛነፈ ተማሪ ከእጄ አልፎ አያውቅም።

በማግስቱ ሲመሽ ከበሩ ውጭ ቆምኩና ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ አስተካክዬ፣ «ክሪየን ኤ ፎቢ» አልኩ፤ ጦርነቱ አልቋል ማለት ነው። ስገባ ብርድ ልብሱ ጉልበታቸው ላይ ነበር። ሰናይት በባትሪ የሚበሩ ሁለት ሻማዎች መስኮቱ ላይ አኖረች።

ኃላፊው መጣ። «የገና ጌጥ ከኖቬምበሩ የታንክስጊቪንግ በዓል በፊት አይፈቀድም።»

«የገና አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ፎርሙ ላይ የምን በዓል ልበል?»

«የዴንማርክ ነፃነት፣ ሜይ አራት።»

«ሰር፣ አሁን ኦክቶበር ነው።»

«አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው።»

ፎርሙ ላይ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ኢንገርም ክፍላቸው ውስጥ ቀሩ። ትናንት የሰሙትን ዛሬ ስለማያስታውሱ፣ በየቀኑ አመሻሽ ላይ እየሄድኩ ጦርነቱን እጨርሳለሁ። እርሳቸው ያለቅሳሉ። እኔ ምንም አይሰማኝም፤ ኮቴን ለብሼ ወደ መኪናው እወርዳለሁ።

እሑድ ቀትር ላይ ለእኅቴ ለአስካለ ደወልኩ። ወልድያ መሽቷል። ከብዙ ሙከራ በኋላ መስመሩ ገባ።

«ጋሼ፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ። ለምንድን ነው የምታንሾካሽኪው?»

«ተኩስ አለ። መብራቱ እንዳይታይ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ።»

«በምን ላይ ቆመሽ?»

«በወንበር ነዋ! በምን ልቁም?» ብላ ሳቀች። ሰባ ዓመት አልፏታል። ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እዚያ ዜናው ይደርሳችኋል አይደል? አለቀ አላሉም?»

ዓረፍተ ነገሩን አውቀዋለሁ። በሌላ ቋንቋ በየቀኑ እናገረዋለሁ።

«ገና አላሉም» አልኳት።

«እንግዲያው አላወርደውም» አለች።