የሚታጠበው ማጣሪያ

ናጅዋ መርሳ ላይ የመለዋወጫ ሱቅ ከከፈተች ወዲህ፣ የአየር ማጣሪያን እንደ በግ ላት ዳብሶ የሚገዛ ሰው አይታ አታውቅም። ሽማግሌው ባለ አራት ጎማ ሞተራቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ። ኮታቸው ላይ የሐብሩ ገጠር አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ ከሥሩ ያለው ሸሚዝ ግን ታጥቦ ታጥቦ ሊያልቅ ደርሷል። ከሞተሩ የኋላ ወንበር ላይ ትራስ በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል፤ የተቀመጠበት የለም።

ሁለት ዓይነት ማጣሪያ አቀረበችላቸው። የወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፤ የስፖንጁን ጨመቅ ለቀቅ አደረጉት።

«የወረቀቱን ይውሰዱ አባባ። ሲሞላ ጥሎ መቀየር ብቻ ነው።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱማ አሳር ነው። በሳሙና ታጥቦ፣ ጥላ ላይ ደርቆ፣ ዘይት ጠጥቶ ነው የሚገባው። ቤት ላሉት እትዬ ሥራ ማብዛት ነው።»

ሽማግሌው ወደ ትራሱ ዞር አሉ።

«ሞተሩንም የገዛሁት ባለቤቴን ሐኪም ቤት ላመላልስበት ነበር። ሦስት ዓመት ስትተኛ ልብሷን የማጥበው እኔ ነበርሁ። አሁን እቤት የሚታጠብ ነገር ጠፋ፣ ልጄ።»

ናጅዋ የወረቀቱን ወደ መደርደሪያው መለሰችው።

«ያጥናዎት» አለች።

ስፖንጁን ፌስታል ውስጥ ስታስገባላቸው፣ «በስንት ቀኑ ነው የሚታጠበው?» ብለው ጠየቁ።

«በሳምንት አንዴ ይበቃዋል።»

«በየቀኑ ቢሆንስ፣ ይጎዳዋል?»

ስፖንጅ እጥበት ሲበዛበት ተበልቶ እንደሚያልቅ ናጅዋ አሳምራ ታውቃለች።

«ቀስ ብለው ካጠቡት» አለቻቸው፣ «ምንም አይለው።»