ቢጫዋ ዓሣና ጎረቤቶቿ

ልጄ አርግዛ ሳለ፣ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሣ ሐኪም ሲያዛት ቆቦ እኔ ዘንድ መጣች። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አስወርዷታል። ቀኑን ሙሉ ዝም ስትል ባሏ ጨነቀው፤ ከአዲስ አበባ ትልቅ የመስታወት ገንዳና ዓሦች ገዝቶ አመጣላት። ሲክሊድ ይባላሉ። የማላዊ ሐይቅ ዘር ናቸው፤ ከእኛው የሐይቅ ዓሣ ከቆሮሶ ጋር ይዛመዳሉ አለኝ።

አማቼን ያሳሰበው ውኃው ነበር። የቆቦ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሁላችንም እናማርረዋለን። የዓሦቹ ሻጭ በስልክ ሲጠየቅ ግን፣ እነሱ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው አለ። እኔ የማማርረው ለሌላ ፍጥረት ሲሳይ መሆኑ ገረመኝ።

ከወንዝ ድንጋይ አስመጥተን ገንዳው ውስጥ ደረደርን። ወንበር ስቤ ሳያቸው እውል ጀመር። ከዓሦቹ አንዱ፣ ሰማያዊው፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ያለውን ቀዳዳ ያዘና ቢጫዋን ባያት ቁጥር ያሳድዳታል። ጭራዋ ተዘነጠለ። ገንዳው ውስጥ ካለው የውኃ ማጣሪያ ጀርባ ተለጥፋ መዋል ጀመረች።

«እማ፣ ከሞተች ገንዳውን ጭምር አውጪልኝ» አለችኝ ልጄ። «ሌላ ሞት ማየት አልፈልግም።»

እኔ የማውቀው አንድ መላ ነበር። ልጆቼ ሲጣሉ ከአንድ ትሪ እያበላሁ ነው ያስታረቅኋቸው። አብረው ሲበሉ ይለማመዳሉ ብዬ የዓሦቹንም ምግብ በአንድ ጥግ ብቻ አደርግላቸው ጀመር። ሰማያዊው ጥጉንም ያዘው። ቢጫዋ ጭራሽ መብላት ተወች።

ጎረቤቴ ልትጠይቀን መጥታ ይህን አየች።

«ወላሂ ይሄ የመሬት ጠብ ነው» አለች። «አስታራቂ ሽማግሌ፣ አባጋር ይጠራላቸው እንጂ።»

«ጓደኛ ቢጨመርላትስ?» አልኳት።

«ከሐሸንጌ ሐይቅ ቆሮሶ ላስመጣልሽ። ዘመዳቸው አይደል?»

ልጄ ከአልጋዋ፣ «ቆሮሶ አድጎ ይጨርሳቸዋል» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ይህን ብቻ ነበር።

«ዘመድም አይታመን እንግዲህ» አለች ጎረቤቴ።

ወደ አዲስ አበባ ለተመለሰው አማቼ ደወልኩ። ሻጩን ጠይቆ መልሶ ደወለልኝ።

«እናቴ፣ ሌላ ሰማያዊ አይጨመርም፤ መልኩን የሚመስለውን ባላጋራ ያደርገዋል። ወርቃማ ዓሣም አይሆንም፤ ዝግተኛ ስለሆነ ይጎዱታል። በመጠን የሚተካከሉ፣ በመልክ የተለዩ ሲክሊዶች ላምጣ። ቁጣው ለብዙ ይከፋፈላል። ምግቡን ይበትኑት እንጂ አንድ ቦታ አያድርጉት። አዲሶቹ ሲገቡ ደግሞ ድንጋዩን ሁሉ እናዛውራለን።»

«ድንጋዩን ለምን?»

«የኔ የሚለው ቦታ እንዲጠፋበት።»

ቅዳሜ ዓሦቹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፍፈን፣ የውኃው ሙቀት እስኪመሳሰል ጠበቅን። ጎረቤቴና እኔ እጅጌያችንን ሰብስበን ድንጋዩን አዛወርን። ከዚያ ለቀቅናቸው። ሰማያዊው የድሮ ቀዳዳውን ፍለጋ ሲንከራተት ዋለ። አንዱን ሲያባርር ሌላው ይመጣበታል፤ በመጨረሻ የሰለቸው መሰለኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ልጄ፣ «ቀስ ብለሽ ግቢ» አለችኝ በሹክሹክታ። ቢጫዋ ከማጣሪያው ጀርባ ወጥታለች። ምግቡን በገንዳው ላይ በተንኩ። አንዲት ፍርፋሪ ጎረሰች፣ ተፋች፣ መልሳ ጎረሰች።

«እማ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ» አለች ልጄ። «አዲሶቹ ይጋርዱብኛል።»

ከፍ አደረግሁላት። ስለ ዓሣ እንዴት ተብሎ እንደሚመሰገን አላውቅም፤ እንደቆምኩ ተመስገን አልኩ።