ስለ ዛሌ ወንዝ ብቻ አወራሁ

ከሃሌ የወጣሁ ማታ ዝናብ ይጥል ነበር። ሃሌ ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ በዛሌ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ መንግሥት ጂኦግራፊ እንድማር የላከኝ እዚያ ነበር። በዚያው ሳምንት ከደሴ የመጣ ልጅ ወንድሜን ታደሰን መንግሥት እንደገደለው በጆሮዬ ነገረኝ። «እናትህ ገና አልተረዱም፤ ከአፍህ እንዳይወጣ» አለኝ። ወዲያው ለእኔም «ወደ አገር ተመለስ» የሚል ጥሪ መጣ። በምዕራብ በርሊን በኩል ሹልክ ብዬ በጥየቃ ቪዛ ሲያትል ገባሁ።

የሲያትል ዝናብ እንደ ደሴ አጓርቶ፣ ጎርፎ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያላዝናል። ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ምድር ቤት ተከራይቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ። ቀጠሮዬ ደርሶ የኢሚግሬሽኑ ሹም ቢሮ ስገባ አስተርጓሚዋ እትዬ ስንዱ ሆነው አገኘኋቸው። እህታቸው ደሴ ውስጥ ከእናቴ ጋር አጥር ይጋራሉ። እሳቸው ፊት ከተናገርኩ እናቴ የልጇን ሞት በስልክ ወሬ ልትረዳ ነው። በእንግሊዝኛ ብሞክርም ያው ይሰማሉ።

«ከቤተሰብህ የተጎዳ አለ?» አለ ሹሙ።

«ሁሉም ሰላም ናቸው አይደል?» ብለው ተረጎሙልኝ።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ምላሴን በቆረጠው!

«ታዲያ ምን አሸሸህ?»

ጨነቀኝ፤ እንደ ፈተና ተማሪ የማውቀውን ዘረገፍኩት። ዛሌ ከምዕራብ ጀርመን ተራሮች ተነሥቶ፣ ጥቂት መንገድ የሁለቱ አገሮች ድንበር ሆኖ፣ ወደ ምሥራቅ እንደሚገባ፤ ገደሉ ላይ የጥንት መሳፍንት ምሽጎች እንደቆሙ፤ ናውምቡርግ ላይ ወይን እንደሚለቀም፤ ሃሌ ደግሞ፣ እኛ አሞሌ ከአፋር በግመል እንደምናመጣው ሁሉ፣ የጨው ውሃ ከጉድጓድ ቀድታ እያፈላች እንደከበረች፤ ዛሬ ወንዙ የፋብሪካ አረፋ ተሸክሞ ኤልቤ እንደሚገባ ነገርኩት።

«ድንበሩን በደንብ ታውቀዋለህ» አለ ሹሙ እየጻፈ። «ማን አስጠናህ?»

«ሰማህ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ስንዱ፣ «ሰውዬው አንተን ሰላይ ነው ብሎ ሰስፔክት እያደረገህ ነው። ሶ፣ ወንዙን ተወው፣ ኦኬ?»

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሚስተር ይመር፣ ወንዝ ሰው አያሳድድም።»

ከዚህ ወዲያ አልቻልኩም። «ወንድሜን ገድለውታል» አልኩ።

እትዬ ስንዱ አልደነገጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን ነገረህ?» አሉኝ። «እናትህማ ከተረዱ ከራረሙ። ልጄ በሰው አገር ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ሁላችንንም አስምለውናል።» እኔ ያልኩትንም ይህንንም እያለቀሱ ለሹሙ ተረጎሙለት።

«ቅድም ደህና ናቸው ብለሃል» አለ። «የትኛውን ልጻፍ?»

መርዶ ምን እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። ውሳኔው በፖስታ እንደሚደርሰኝ ነግሮ አሰናበተኝ፤ እስካሁን አልደረሰም።

በማግስቱ ደሴ ደወልኩ። አብሬያት ላለቅስ ነበር። እናቴ ግን አፌን እንኳ ሳልከፍት ቀደመችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል።

«ታደሰ ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው ያልጻፈልህ። አንተ ብቻ አታስብ፣ እሺ?»

«እሺ እማዬ» አልኳት። «ሰላም በይልኝ።»