ከጓዳዬ ድንጋይ ወጣ የተባለው አየር

ቤቴ ሰው እንደሚጎዳ የሰማሁት ከአማቼ ነው። አማቼ የዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ኤክስፐርት ነበር። ያኔ የክልላችን ዋና ከተማ አዋሳ ስለነበረች፣ ኤክስፐርት የተባለ ሁሉ ስልጠና እያለ ወደዚያ ይመላለስ ነበር። ሲመለሱ በእጃቸው አዲስ ቦርሳ፣ በአፋቸው አዲስ ቃል ይዘው ይመጣሉ። ቃሉ እስከሚቀጥለው ስልጠና ድረስ ያገለግላል።

የዚያን ጊዜው ቃል ሬዶን ነበር።

ልጄ፣ የእሱ ሚስት፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት አራስነቷን የምታሳልፈው እናቷ ዘንድ ነው፤ ይህን ቦንጋ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔም ከኋላ ያለውን ክፍል አሰናድቼ፣ የገንፎ እህል አስፈጭቼ፣ ማሩን ማንኪራ ድረስ ሄጄ አምጥቼ ቀኑን እጠብቃለሁ። ያ ክፍል ሟች ባለቤቴ ኮረብታውን ቆርጦ የሠራው ነው። ሰፈሩ በሙሉ የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲሆን የእኛ ብቻ ድንጋይ ነው፤ የዚሁ ጓዳ አንዱ ግድግዳ እንዲያውም ራሱ የኮረብታው አለት ነው።

አንድ እሑድ አማቼ ልጄን አስከትሎ፣ ደብተር ይዞ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ላማክርዎ» አለ።

ማማከር ማለት በእነሱ ቢሮ ነገሩ ካለቀ በኋላ ለሰው መንገር ነው።

«አለት ውስጥ ዩራኒየም የሚባል ነገር አለ» አለ፣ ደብተሩን እያየ። «ከእሱ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በወለል ስንጥቅ ገብቶ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ለብዙ ጊዜ ከሳቡት ሳንባ ይጎዳል።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ይታያል?»

«አይታይም።»

«ታዲያ ጓዳዬ መግባቱን በምን አወቅህ?»

«መለኪያ አለው። እኛ መሥሪያ ቤት ግን የለም።»

«መለኪያውን አስቀርተው ፍርሃቱን ብቻ አሸክመው ላኩህ በለኛ!»

ልጄ ወለል ወለሉን ታያለች። መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ስንጥቁን መድፈን፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ነው አለ።

«እንግዲያው እከፍታለሁ።»

«አራስ ላይ?» አለና ክው አለ። «ነፋስ ይመታታል እኮ!»

አዋሳ ድረስ ሄዶ አዲስ አየር መፍራት ተምሮ መጥቷል፤ እናቱ ያስተማረችውን የነፋስ ፍርሃት ግን አልተወም። በአንዱ ፍርሃት ቤቴን ዘጋብኝ፣ በሌላው መፍትሔውን። ስለዚህ ልጄ የምትታረሰው በእሱ እናት ቤት ነው አለ፤ የእሷ ቤት ብሎኬት ነው።

«የእናትህ ብሎኬት ከምን ተሠራ? ከቅቤ?» አልኩት።

ደብተሩን ዘጋ። ልጄን ይዞ ሄደ።

እናቱ ሺሺንዳ ገበያ ላይ ኖራ ቦንጋ የገባች ነጋዴ ናት። ወሬ ይዛ አታድርም። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ የቤቴን አየር ያወራ ጀመር። ሃያ ዓመት የተጎራበትኳት ሴት ዝናብ እየደበደባት ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «ግቢ እንጂ!» ስላት፣ «እዚሁ ይሻለኛል እትዬ» አለችኝ። የራሷን የወፍጮ ድንጋይ ሳይቀር አውጥታ አጥሩ ስር ጥላዋለች። በርበሬዋ ሲያልቅ ግን አጥባ መልሳ አስገባችው። የድንጋይ ፍርሃቷ የቆየው በርበሬው እስኪያልቅ ነበር።

ልጄ ወንድ ወለደች። በሰባተኛው ቀን ማሬንና ቅቤዬን አስይዤ የሰው ቤት ሄድኩ፤ የራሴን ልጅ እንደ እንግዳ አራስ ልጠይቅ። ክፍሉ ስገባ ጨለማ ነው። የመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል፣ ከላዩ ላስቲክ በምስማር ተመቷል። ልጄ በላብ ተነክራለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ልጄ መርዝ ያለው አየር አለ ብሏል» አለች የአማቼ እናት። «ነፋሱ የሚመጣው ከእናንተ ሰፈር በኩል ነው። ደፈንኩት።»

«እመቤቴ፣ አየሩ የሚወጣው ከወለል ስር ነው። እርስዎ የደፈኑት መውጫውን ነው። እስቲ ልጅዎ ደብተሩን ያንብብልዎ።»

«የተማረው እሱ ነው እትዬ፣ እኛ ምን እናውቃለን?»

የተማረው በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እናቱን አንድ ቃል አላረማትም። ልጄ ከአልጋዋ፣ «እማዬ፣ ተይ በቃ» አለችኝ። ተውኩት፤ እዚያ ቤት ውስጥ ብቻ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት፣ በለቅሶውም በሠርጉም፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ስለ አማቼ ደብተር ሳልነግር አልተነሳሁም።

በሁለተኛው ዓመት ስለ ፍል ውኃ የሚያጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጣ። መንገድ መሪ ሆኖ የተመደበው አማቼ ነበር፤ ይዞት ቤቴ ከች አለ። መምህሩ ያንን ጋዝ የምትለካ፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጓዳዬ ውስጥ አስቀመጠ፤ ሦስት ወር ቆይታ ተወሰደች። መልሱን በወረቀት ያመጣልኝ አማቼ ነው። የተገኘው መጠን አያሰጋም፣ ስንጥቁ ይደፈን፣ መስኮቱ ይከፈት ይላል።

«አሁን ማስለካት ለምን አስፈለገህ?» አልኩት።

«እርስዎ ስለሚኖሩበት ነዋ እትዬ።»

አላመንኩትም። ዛሬም አላምነውም።

ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ልጄ ዘንድ ሄድኩ። ሁለተኛዋን አርግዛ ነበር። «አንብቢ» አልኳት፤ «ባልሽ ከቤቴ ያስቀረሽ በባዶ ነው።» አነበበችውና አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እሱ አይደለም እማዬ። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ስለ ጋዙ ሲያወራኝ መስኮት መክፈት ይበቃል ነበር ያለው። እኔ ነኝ ለእማዬ አክብደህ ንገራት፣ ነፋሱንም ሰበብ አድርግ ያልኩት። አርባ ቀን ተኝቼ አንቺ እሱን ስታጣጥዪ መስማት አልቻልኩም። አራስ ተነስታ አትወጣ ነገር፣ ወዴት እሄዳለሁ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ በየድንኳኑ ሳብጠለጥለው እየሰማ፣ ሚስቴ ናት ያስባለችኝ አላለም። ለዝምታው ምስጋና እሰጠዋለሁ። ከዚያ በላይ አልሰጠውም። በሚስት ትእዛዝ «ነፋስ ይመታታል» ብሎ እንደዚያ ክው ማለት የሚችል ሰው ቢሮው ውስጥ እድገት ማግኘቱም አይገርመኝም።

«ይህኛውን አንቺ ጋ እታረሳለሁ» አለች ልጄ። «ግን...»

«ግን ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

መጣች። ሴት ወለደች፤ ሴት ስለሆነች ደግሞ እስከ ክርስትናው ሰማንያ ቀን ነው። አማቼ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይመጣል። ገንፎዬን ይበላል፣ ስለ ግምገማውና ስለ አለቃው ያወራል፣ እኔ «እንዴት ነው ታዲያ?» እላለሁ። ሰማንያ ቀን ስለ እሱ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጄ ወፈረች፣ ሳቀች፣ እንደ ልጅነቷ ጠጉሬን ሥሪኝ አለች።

ክርስትናው ባለፈ ማግስት ሸኘኋቸው። ሕፃኗን ያቀፈው እሱ ነበር፤ ጭቃውን እንደ እንቁላል ሻጭ እየረገጠ ቁልቁል ወረደ። ገና ጀርባቸው ሳይሰወር ጎረቤቴን ከአጥሩ ማዶ ጠራኋትና የአማቼን ነገር ጀመርኩላት።